ካረን ካርፔንተር፦ ከመስታወት ጋር ሳትታረቅ ያለፈችው ድምጻዊት

እአአ በ1982 በኒውዮርክ ከተማ፣ በአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሥራ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ሴት ቁመናን ሙሉ በሚያሳይ መስታወት ፊት እንድትቆምና ራሷን እንድትመለከት ተጠየቀች። የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በክፍሉ የነበሩት ሰዎች ያዩት ረሀብ ያመነመነውን ገላ ነበር። እሷ ግን በዚያው መስታወት ውስጥ ሌላ ሰው አየች። ምንም ችግር የሌለባት፣ እንዲያውም ክብደት መጨመር የጀመረች ሴት ታየቻት።

ያቺ ሴት ካረን ካርፔንተር ነበረች። ከወንድሟ ከሪቻርድ ጋር ካርፔንተርስ በሚል ስም ያወጣቻቸው ዘፈኖች ከአሜሪካ እስከ ጃፓን ይደመጡ ነበር። ብዙ ወራት ሳይቆጠሩ በ32 ዓመቷ ስታርፍ፣ ለሞት ያበቃትን በሽታ ስም ብዙ ሰው የሰማው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ዛሬ ካረን ካለፈች ከአርባ ዓመታት በላይ ሆኗል። በዚያ ክፍል ውስጥ ዓይኗን ያላሳመናት መስታወት በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ሆኗል። የሕይወቷ ታሪክ ሕክምናው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ መዘግየቱም ምን እንዳስከፈለ ያሳያል።

ከድራሙ ጀርባ

ካረን አን ካርፔንተር የተወለደችው እአአ ማርች 2 ቀን 1950 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ነው። አባቷ ሃሮልድ በማተሚያ ቤት ሥራ የሚተዳደሩ ጸጥተኛ ሰው ነበሩ። ቤቱን የሚመሩት እናቷ አግነስ ነበሩ። በቤቱ ውስጥ ባለተሰጥኦ ተብሎ የሚታወቀው ልጅ፣ ካረንን በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ የሚበልጣት ሪቻርድ ነበር። ገና በልጅነቱ ፒያኖ ላይ የሚውል ልጅ ስለነበር፣ ቤተሰቡ የወደፊት ተስፋውን በእሱ ላይ ጣለ።

እአአ በ1963 ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ወደምትገኘው ዳውኒ ከተማ ተዛወረ። አንዱ ምክንያት የሪቻርድ ሙዚቃ ነበር፤ የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያዎች መናኸሪያ ካሊፎርኒያ ነበረችና። ካረን በዚያን ጊዜ ቤዝቦል የምትወድ፣ ከወንዶች ልጆች ጋር የምትሯሯጥ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ዘፋኝ ትሆናለች ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሷም ብትሆን አላሰበችውም።

ወደ ሙዚቃ የገባችው በአጋጣሚ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜን ላለመግባት ስትል ከማርሽ ባንዱ ጋር ተቀላቀለች። መጀመሪያ የተሰጣት በመዶሻ የሚመታ ባለ ብረት መሣሪያ ነበር፤ አልወደደችውም። ዓይኗ ያረፈው ድራም በሚመቱት ልጆች ላይ ነበር። ቤት ስትገባ የወጥ ቤቱን በርጩማዎች ደርድራ በቀጫጭን እንጨቶች ከሸክላ የሚወጣውን ሙዚቃ ተከትላ መምታት ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ ወላጆቿ ሙሉ ድራም ገዙላት። ልጃገረድ ድራም ስትመታ ማየት ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ ካረን ከብዙ ወንዶች የበለጠ ትመታ ነበር።

ወንድምና እህት ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሆነው የጃዝ ቡድን አቋቋሙ። እአአ በ1966 የበጋ ወቅት በታዋቂው የሆሊውድ ቦውል መድረክ በተካሄደ የባንዶች ውድድር አሸነፉ። ካረን ያን ጊዜ 16 ዓመቷ ነበር። መዝፈንም ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን የምትዘፍነው ተቀምጣ፣ እጆቿ ድራም ላይ፣ ፊቷም ከብረት ሳህኖቹ መካከል ብቻ እየታየ ነበር። ድምጿ ለወጣት ሴት ያልተለመደ ዝቅ ያለና ሙሉ ነበር፤ የሚያደምጣት ሰው በጆሮው አጠገብ የምትነግረው ይመስለው ነበር።

ራሷን የምታየው እንደ ዘፋኝ ሳይሆን ዘፈን እንደሚሆንላት ድራመር ነበር። ድራሙ የሙያዋ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ከተመልካች ዓይን የሚጋርዳት ግድግዳም ነበር።

ወደ መድረኩ ፊት

እአአ በ1969 የኤ ኤንድ ኤም ኩባንያ ባለቤት ከሆኑት አንዱ የሆነው ጥሩንባ ነፊው ኸርብ አልፐርት ድምጻቸውን ሰምቶ አስፈረማቸው። ካረን 19 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያው አልበማቸው ብዙም አልተሸጠም። በቀጣዩ ዓመት በበርት ባካራክና በሃል ዴቪድ የተደረሰውን ዘፈን በአዲስ መልክ ሠርተው ሲያወጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዘፈኑ በአሜሪካ ሠንጠረዥ ለአራት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ቀጥሎ ያወጡት፣ መጀመሪያ ለአንድ ባንክ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተሠራ ዜማ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም በሠርግ ላይ ይዘፈናል።

ከዚያ በኋላ ሕይወት ሩጫ ሆነ። ሦስት የግራሚ ሽልማቶች መጡ። እአአ በ1973 የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንት ዋሽንግተንን ሲጎበኙ፣ ፕሬዝዳንት ኒክሰን በኋይት ሐውስ እንዲዘፍኑ ጋበዟቸው። በጃፓን የኮንሰርት ትኬቶቻቸው እየተሻሙባቸው አለቁ። ሮክ በጩኸትና በዐመፅ በሚታወቅበት በዚያ ዘመን፣ ወንድምና እህቱ በንጽሕናቸው፣ በጨዋነታቸውና በለስላሳ ዜማቸው ተለዩ።

ነገር ግን አስተዳዳሪዎቹና ሃያሲዎቹ አንድ ነገር ደጋግመው ጠየቁ። ይህን የመሰለ ድምጽ ያላት ሴት ከድራም ጀርባ ተደብቃ መቀመጥ የለባትም፤ ተመልካች ሊያያት ይገባል አሉ። ካረን ተቃወመች። በመጨረሻ ግን ሌላ ድራመር ተቀጥሮ እሷ ማይክሮፎን ይዛ በመድረኩ ፊት መቆም ግድ ሆነባት። ግድግዳው ፈረሰ። በየምሽቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከእግር እስከ ራሷ ያያት ጀመር።

ፎቶግራፉ

ካረን ስለ ገላዋ መጨነቅ የጀመረችው ዝነኛ ከመሆኗ በፊት ነው። በ17 ዓመቷ፣ በሐኪም ምክር፣ በዚያ ዘመን ይዘወተር የነበረ የክብደት መቀነሻ ሥርዓተ ምግብ ጀምራ ጥቂት ከቀነሰች በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በጤናማ ልክ ቆይታ ነበር። ሌላ ልጃገረድም ልታደርገው የምትችለው ነገር ነበር።

እአአ በ1973 በአንድ ኮንሰርት ላይ የተነሳችውን ፎቶግራፍ አየች። ልብሱ ወፍራም አስመስሏታል ብላ አመነች። የስፖርት አሠልጣኝ ቀጠረች፤ ልምምዱ ጡንቻዋን ሲያጠነክረው ይበልጥ የሰፋች መሰላትና አሰናበተችው። ከዚያ በኋላ በራሷ መንገድ ለመሄድ ወሰነች። መጀመሪያ ላይ ጓደኞቿ አምሮብሻል ይሏት ነበር። ይህ በሽታ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ምስጋና ነው፤ ታማሚዋ በሽታውን እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ድል እንድታየው ያደርጋታል።

እአአ በ1975 ግን ምስጋናው ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። መድረክ ላይ ስትወጣ ከተመልካች መካከል የድንጋጤ ድምጽ ይሰማ ጀመር። በዚያው ዓመት በብሪታኒያና በጃፓን ሊደረጉ የነበሩ ኮንሰርቶች ተሰረዙ። ለሕዝብ የተነገረው ከባድ ድካም ነው ተብሎ ነበር። ካረን ልብስ በልብስ ላይ ትደርብ ጀመር፤ ምግብ ቀርቦ ሲበላ ወሬ ታበዛለች፤ ስለ ክብደቷ የጠየቃትን ደህና ነኝ እያለች ታሰናብታለች።

ቤተሰቡ እንድትበላ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አለቀሰ። ምግብ አጥታ ሳይሆን ምግብ ተሞልቶ ሳለ መብላት ያቃታትን ልጅ እንዴት መርዳት እንደሚቻል የነገራቸው አልነበረም።

ስሙ የማይታወቅ በሽታ

በሽታው አዲስ አልነበረም። እአአ በ1873 የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጋልና የፓሪሱ ሐኪም ሻርል ላሴግ፣ ያለ ሌላ ሕመም ምግብ እየተዉ የሚመነምኑ ወጣት ሴቶችን ሁኔታ በየፊናቸው ገልጸው ነበር። አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚለውን ስም ያወጣለት ጋል ነው። ቃሉ የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ቢሆንም ስያሜው አሳሳች ነው። ታማሚዎቹ ይርባቸዋል፤ የጎደላቸው ረሀብን መስማት ሳይሆን ለረሀብ እሺ የማለት ፈቃድ ነው።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሞች ትኩረታቸው በሚዛኑ ላይ ነበር። ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲመለከቱ ካደረጉት አንዷ ከናዚ ጀርመን ሸሽተው አሜሪካ የገቡት የሥነ አእምሮ ሐኪም ሂልደ ብሩክ ናቸው። እአአ በ1962 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ታማሚዎቹ ገላቸውን እንደማንኛውም ሰው እንደማያዩት አስረዱ። መስታወት ፊት የቆመችው መንምና ሳለ ወፍራም ነኝ የምትለው ልጅ እየዋሸች አይደለም፤ የምታየው ምስል ራሱ ተዛብቷል። ክብደቷ ቢመለስ እንኳ ያ ምስል ካልተስተካከለ በሽታው ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል አስጠነቀቁ።

የብሩክ ትምህርት በባለሙያዎች ዘንድ ይታወቅ ነበር። በዳውኒ ከተማ ወዳለች የአንዲት ቤተሰብ የእራት ጠረጴዛ ግን አልደረሰም።

በምሥራቅ አፍሪካ ያለ አንባቢ ይህን በሽታ ለመረዳት ቢቸገር አይገርምም። በአካባቢያችን መክሳት ብዙ ጊዜ ከችጋር ወይም ከሌላ ሕመም ጋር ይያያዛል። ከምግብ መከልከልም የብዙዎች የእምነት ሕይወት አካል ነው። ሆኖም ጾም የሚገባበትና የሚፈታበት ቀን አለው፤ ከሌሎች ጋር ተጹሞ ከሌሎች ጋር ይፈሰካል። አኖሬክሲያ ፋሲካ የለውም። ሰውን ከማዕድ ብቻ ሳይሆን በማዕድ ዙሪያ ከተሰበሰቡት ወዳጆቹም ይለየዋል።

ብቻዋን የሞከረችው

እአአ በ1979 ሪቻርድ የእንቅልፍ መድኃኒት ሱስ ይዞት ለሕክምና ገባ። ካረን በዚህ ጊዜ ኒውዮርክ ሄዳ ከታዋቂው ፕሮዲዩሰር ፊል ራሞን ጋር የራሷን አልበም መቅዳት ጀመረች። ከቤተሰቧ ተለይታ፣ ራሷ የመረጠችውን ሙዚቃ ለመሥራት ያደረገችው የመጀመሪያ ሙከራ ነበር። እአአ በ1980 ሥራው ተጠናቆ ሲቀርብ ወንድሟና ኩባንያው አልወደዱትም፤ አልበሙ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ለአድማጭ የደረሰው ካረን ከሞተች ከ13 ዓመታት በኋላ፣ እአአ በ1996 ነው።

በዚያው በ1980 የበጋ ማብቂያ በታላቅ ድግስ ተዳረች። ትዳሩ ብዙ አልቆየም። ልጅ መውለድ፣ ቤት መመሥረት የምትመኝ ሴት ነበረች፤ ተስፋዋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተሰበረ። በሽታውም በረታ።

እአአ በ1981 ከወንድሟ ጋር አዲስ አልበም ለማስተዋወቅ ወደ አውሮፓ ተጓዘች። ለንደን ውስጥ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ጋዜጠኛዋ ስለ ክብደቷና ስለዚህ በሽታ በግልጽ ጠየቀቻት። ካረን ደክሞኝ ነበር በሚል መንፈስ መልሳ በሽታውን ካደች። ሪቻርድ ጥያቄው አስቆጥቶት ጣልቃ ገባ። ሆኖም ከወራት በኋላ ራሷ እርዳታ ፍለጋ ወጣች።

ኒውዮርክ

እአአ በ1982 መጀመሪያ ላይ ካረን ከካሊፎርኒያ ወጥታ በኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ መኖር ጀመረች። ስለ አኖሬክሲያ በጻፈው ልቦለድ የሚታወቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በሳምንት አምስት ቀን ትሄድ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን በሽታ ለይተው የሚያክሙ ሰዎች ጥቂቶች ስለነበሩ፣ ምርጫዋ ሰፊ አልነበረም። ስሟ ያን ያህል የገነነ ሰው ሥራውን ትቶ፣ ታምሜያለሁ ብሎ፣ ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ መጓዙ ትንሽ ነገር አይደለም። ካረን መዳን ትፈልግ ነበር።

የመስታወቱ ነገር የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በሐሳብ ደረጃ ጥያቄው የተሳሳተ አልነበረም። ራስን ሳይሸሹ ማየት ዛሬም የሕክምናው አካል ነው። ነገር ግን በረሀብ የተዳከመ አእምሮ፣ በአንድ ጊዜ እይታ፣ ለዓመታት ሲዛባ የኖረን ምስል ሊያርም አይችልም። ሌሎቹ ያዩትን እሷም ታየዋለች የሚለው ተስፋ ከበሽታው ባሕርይ ጋር ተጋጨ።

በሴፕቴምበር ወር ራሷን መሸከም አቅቷት ኒውዮርክ በሚገኘው ሌኖክስ ሂል ሆስፒታል ተኛች። በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክብደቷ ብዙ ጨመረ። በኖቬምበር ወር ድኛለሁ ብላ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰች። ሪቻርድ ግን አላመነም፤ ዓይኖቿ ውስጥ የሚያውቀውን ሕይወት አላገኘውም።

ገላዋ ተሞልቶ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት በተመለከተ የተለወጠ ነገር ስለመኖሩ ግን ምልክት አልነበረም። ለዓመታት ምግብ የተነፈገ ልብም ሚዛን እንደሚለው ቶሎ አይጠግንም።

ጥር 27

በዲሴምበር 1982 ካረን ለክርስትና ልጆቿና ለትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው የገና መዝሙሮችን ዘመረች። በሕዝብ ፊት ስትዘፍን ያ የመጨረሻዋ ሆነ። በጃንዋሪ 1983 ከቀደምት የግራሚ ተሸላሚዎች ጋር ፎቶግራፍ ተነሳች።

እአአ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1983፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 1975 ዓ.ም. ጠዋት፣ ዳውኒ በሚገኘው የወላጆቿ ቤት አድራ ተነሳች። በዚያ ቀን የፍቺ ወረቀቷን ልትፈርም ቀጠሮ ነበራት። እናቷ አልመጣ ስትላቸው ወደ መኝታ ክፍሏ ወጡ፤ ልብስ ማስቀመጫው አጠገብ ወድቃ አገኟት። ሆስፒታል ብትደርስም ሕይወቷ ሊተርፍ አልቻለም። 33ኛ ዓመቷን ልትደፍን አንድ ወር ያህል ቀርቷት ነበር።

የአስከሬን መርማሪው የሞቷ ምክንያት ከአኖሬክሲያ ጋር በተያያዘ በልብ ላይ የደረሰ መመረዝ መሆኑን አስታወቀ። ሰውነት የዋጠውን መርዝ እንዲያስመልስ የሚሰጥ፣ በዚያን ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ልቧን እንደጎዳው ተገልጿል። በዚህ ዝርዝር ላይ የተለያየ አስተያየት ቢሰጥም፣ ለዓመታት የዘለቀው ረሀብ ልቧን እንዳዳከመው አላከራከረም።

በዳውኒ በሚገኘው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በተደረገው ሥርዓተ ቀብር ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተገኘ። በየአገሩ ያሉ ጋዜጦች የበሽታውን ስም በፊት ገጾቻቸው አተሙ። በየቤቱ ልጆቻቸው ከማዕድ ሲሸሹ ያዩ የነበሩ ወላጆች፣ የሚያዩት ነገር ስም እንዳለው አወቁ።

መስታወቱ መድኃኒት ሲሆን

ካረን ያላገኘችው ሕክምና ሥሩ ከአመጋገብ መዛባት ርቆ የተተከለ ነው። እአአ በ1924 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን ይዘው፣ ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ያስጠጉለት ጀመር። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን ዳሰሳት። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አእምሯቸው የተረበሸ ወታደሮችን ሲያክሙ፣ መድኃኒት ብቻውን እንደማይፈውስ ተገነዘቡ። ፍርሃትን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ የሚያስችል ዘዴ ነድፈው እአአ በ1958 በመጽሐፍ አወጡት።

ፍሬ ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚፈራን ነገር መሸሽ ለጊዜው እፎይ ያሰኛል፤ ፍርሃቱን ግን ይመግበዋል። ሰው ከሚፈራው ነገር ፊት በቂ ጊዜ ቆይቶ የጠበቀው መዓት እንዳልደረሰ ሲያይ፣ አእምሮው አዲስ ነገር ይማራል። ይህ ዘዴ ከፍታን፣ ውሻን፣ ሕዝብን ለሚፈሩ ሰዎች ለዓመታት ሲሠራበት ቆየ። የገዛ ገላውን የሚፈራን ሰው ለማከም እንደሚውል የተስተዋለው ግን ዘግይቶ ነው።

ዛሬ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጠው የመስታወት ሕክምና ካረን ከተጠየቀችው ይለያል። መጀመሪያ ሐኪም የታማሚዋ ገላ ከአደጋ መውጣቱን፣ ምግብም ወደ ሰውነቷ መግባት መጀመሩን ያረጋግጣል። ከዚያ በቁመት መስታወት ፊት ትቆምና ከፀጉሯ እስከ እግር ጣቷ ያለውን፣ አንድም ክፍል ሳትዘል፣ አንዱም ላይ ሳትዘገይ፣ በቃል ትገልጻለች። ገለጻው አይቷት ለማያውቅ ሠዓሊ እንደሚነገር ዓይነት ነው፤ ቀለም፣ ቅርጽ፣ መጠን ይነገራል። አስቀያሚ፣ ወፍራም፣ አሳፋሪ የሚሉ የፍርድ ቃላት ቦታ የላቸውም። እንደነዚህ ያሉ ቃላት ሲያመልጧት ባለሙያው በቀስታ ወደ ገለጻው ይመልሳታል።

እንዲህ የሚደረግበት ምክንያት አለ። የአመጋገብ መዛባት ያለባቸው ሰዎች መስታወት ሲያዩ ዓይናቸው የሚጠሉት የአካል ክፍል ላይ ተተክሎ እንደሚቀር የዓይን እንቅስቃሴን የሚከታተሉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሙሉውን ሰው አያዩትም። ሕክምናው ዓይንን ከዚያ ወጥመድ አውጥቶ ሙሉ ምስል እንዲያይ ያሠለጥነዋል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከባድ ናቸው፤ ጭንቀት ይወጣል፣ እንባም ሊመጣ ይችላል። ግን መቆየቱ ሲደጋገም ጭንቀቱ ይረግባል። እአአ በ2006 አሜሪካ ውስጥ በታተመ የንጽጽር ጥናት፣ ይህን ሕክምና ያገኙ ሴቶች ስለ ገላቸው ያላቸው ስሜት ካላገኙት ይበልጥ ተሻሽሎ ተገኝቷል።

ከመስታወቱ ውጪም ሥራ አለ። ታማሚዋ ልብስ መደራረብን፣ ከፎቶግራፍ መሸሽን፣ በቀን ደጋግሞ መመዘንን ደረጃ በደረጃ ትተዋለች። በስፔንና በጣሊያን ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በኮምፒውተር በሚፈጠር ምናባዊ ዓለም ውስጥ ታማሚዎች ጤናማ ክብደት ያለውን ገላ እንደራሳቸው ሆነው እንዲለማመዱት እየሞከሩ ነው።

ሕክምናው ብቻውን ፈዋሽ አይደለም፤ ከምግብ፣ ከሐኪም ክትትልና ከንግግር ሕክምና ጋር ይሄዳል። ያለ ባለሙያ ቤት ውስጥ መሞከሩም ይጎዳል፤ ታማሚ ብቻዋን መስታወት ፊት የምትውለው ራሷን ለመፍረድ ነውና።

እንቅፋት የሆነው ግን ሌላም ነገር ነው። በባለሙያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ብዙዎቹ ይህን ዘዴ ተምረውት ሳለ አይጠቀሙበትም። ታማሚዋ ትታወካለች፣ ታለቅሳለች፣ ሕክምናውን ትታ ትሄዳለች ብለው ይሰጋሉ። ጭንቀት የሚከብዳቸው ባለሙያዎች ወደ ለስላሳው ንግግር ያዘነብላሉ። እንዲህ ሲሆን ሐኪሟም ታማሚዋ የምትሸሸውን መስታወት አብሯት ይሸሻል። ርኅራኄ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን በሽታውን ብቻውን መተው ነው።

ታይታ ያላየች

ካረን በሕይወት ዘመኗ ለእይታ የተጋለጠችውን ያህል የተጋለጠ ሰው ጥቂት ነው። መብራት፣ ካሜራ፣ የሚሊዮኖች ዓይን ነበረባት። ስለዚህ አንድ ሰው ከሚፈራው ጋር መጋፈጥ ፈውስ ከሆነ ካረን ስለምን አልዳነችም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በመታየትና በማየት መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። መድረኩ ላይ ፈራጆቹ ሌሎች ነበሩ፤ እሷ የምታደርገው ፍርዱን መጠበቅ ብቻ ነበር። ከድራሙ ጀርባ ሲያስወጧት ደረጃ በደረጃ አልነበረም፤ ፈቃዷም አልነበረም፤ አጠገቧም ፍርሃቷን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሕክምናው የሚሻው እነዚህን ሦስቱን ነው፦ ደረጃ፣ ፈቃድና አብሮ የሚቆም ሰው።

ቤተሰቧ በስሟ ባቋቋመው መታሰቢያ ድርጅት አማካይነት ለአኖሬክሲያ ምርምር ገንዘብ ሰጠ። ሪቻርድ በተማረበት የሎንግ ቢች ዩኒቨርሲቲ እአአ በ1994 የካርፔንተርን ስም የያዘ የኪነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ። ለንደን ውስጥም በሞድዝሊ ሆስፒታል የነበሩ ሐኪሞች በእነዚያው ዓመታት ወላጆችን ከመውቀስ ይልቅ የሕክምናው አጋር የሚያደርግ ዘዴ አዳበሩ። ለምኖ፣ ተቆጥቶና አልቅሶ መላ ያጣው የዳውኒው ቤተሰብ ዓይነት ዛሬ ልጁን እንዴት ማብላት እንዳለበት የሚያስተምረው ያገኛል፤ ባለሙያው ባለበት ሁሉ ማለት ነው።

ባለሙያው በሌለበት ደግሞ የመጀመሪያው እርዳታ ማወቅ ነው። ከማዕድ የሚሸሽ፣ ገላውን በልብስ የሚሸሽግ፣ ስለ ክብደቱ ሲጠየቅ ወሬ የሚለውጥ ወጣት ግትር ወይም ቀበጥ ላይሆን ይችላል። ሐኪም ዘንድ ቶሎ የደረሰ ሰው የመዳን ዕድሉ የሰፋ ነው።

የገና ሰሞን ሲደርስ የካረን ድምጽ በብዙ አገር ሬዲዮዎች ይመለሳል። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ሙሉ ድምጽ ነው። የሚያደምጠው ሰው ዘፋኟን በዓይኑ ማየት አያስፈልገውም፤ ከድራሙ ጀርባ የነበረችው ልጅም የፈለገችው ይህንኑ ነበር።